ለሚኒስትሮቹ ኦሬንቴሽን ማን ሰጣቸው?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ የያዝን ሰሞን አንድ ነገር ታዝበናል። የትም እንቀጠር የትም፣ «ኦሬንቴሽን» የሚሉት ነገር ያው ነው። የሰው ኃይል አስተዳደሯ ትመጣለች፤ ስለ መግቢያ ሰዓት፣ ስለ ፊርማ፣ ስለ ዓመት ፈቃድ ትናገራለች፤ «ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጡ» ትላለች፤ አለቀ! ማነው የሚያዘን? ሁለት አለቃ ሁለት ነገር ሲያዝ የማንን እንስማ? ይሄን የምንሰማው ሻይ ቤት ነው። የሙከራ ጊዜው ግን መቁጠሩን አያቆምም፤ በ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 45 ቀን ነበር፣ በ2011ዱ 60 የሥራ ቀን ሆኗል።

እንዲህ ስናማርር ነው ጥያቄው የመጣብን። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሚኒስትሮችስ እንዴት ጀመሩ?

ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1907) ነው። ጊዜው ጥሩ አልነበረም። ሁሉም ወራሽ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቃቸው ራስ መኮንን በ1898 ሞተዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱም ጤና እየታወከ ነበር። እሳቸው ባይኖሩም የሚቆም መንግሥት ያስፈልግ ነበርና የአውሮፓን ስም አመጡ።

ሰዎቹ ግን ከግቢ የተገኙ ናቸው። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ድሮም ዳኛ ናቸው፤ የፍርድ ሚኒስትር ተባሉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦሩን ይዘዋል፤ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ (የምኒልክን ታሪክ የጻፉት) ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ግምጃ ቤት ጠባቂው በጅሮንድ ሙሉጌታ ደግሞ ገንዘቡን ያዙ። ለእነዚህ ኦሬንቴሽን ምን ያደርግላቸዋል? ደጅ እየጠኑ፣ ግብር እየበሉ፣ ችሎት ሲቆም እያዩ ስንት ዓመት ተምረውታል።

የሚያሳዝኑን ሌሎቹ ናቸው። ሊቀ መኳስ ከተማን እንውሰድ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላትን የሚያደናግር ባለሟል ነው። አንድ ቀን ተነስተው «የአገር ግዛት ሚኒስትር» ተባሉ! ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም ከንግዱ ላይ የውጭ ጉዳይ ተደረበላቸው፤ ከፈረንጅ ነጋዴ ጋር ዘወትር የሚገናኙ እሳቸው ስለሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ገበያና ቀረጥ፣ ዛሬ የእንግሊዝና የጣሊያን ሌጋሲዮን።

ሥራው ተዘርዝሮ ደንብ ወጥቶላቸዋል፤ እሱን አንክድም። ከዛሬው የሥራ መደብ መዘርዝር ጋር ብናስተያየው ብዙም አያፍርም። የጎደለው ግን እኛም የጎደለን ነው፤ አለቃው አንድ ሰው ነበር። ሁሉም የሚያየው የምኒልክን ፊት ነው። እሳቸው በ1902 መጀመሪያ ሽባ ሆነው ሲተኙ ሚኒስትሮቹ የማንን ቃል ይስሙ? እቴጌ ጣይቱ ሹመቱንም ሽረቱንም እጃቸው አስገቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት የሸዋ መኳንንት ተማክረው እቴጌይቱን ከሥልጣን አራቋቸው፤ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ራስ ተሰማ ናደው መሪውን ያዙ። ራስ ተሰማም በ1903 ሞቱ። ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ስንት አለቃ እንደተቀያየረባቸው ቁጠሩት!

ሚኒስትር የሚለው ማዕረግ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልጠፋም፤ የተቀመጡበት ሰዎች ግን ሕዝቡን እያስመረሩ ሄዱ። በ1910 መሀል ሰፋሪ የሚባለው የአዲስ አበባው ወታደር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይውረዱልን አለ፤ ወረዱም። ከነሱ መሀል ያልተነካ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያው አባ መላ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። እሳቸው በጦር ሚኒስትርነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ታኅሣሥ 1919 ቆዩ።