የደም ማነስ ዓይነቶችና ልየታቸው

ደም ማነስ በደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን ለሰውየው ዕድሜ፣ ፆታና የመኖሪያ ከፍታ ከሚገባው በታች ሲወርድ የሚሰጥ ስያሜ ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ብረት አዘል ፕሮቲን ሲሆን፣ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለመላው አካል ያደርሳል። ደም ማነስ እንደ ትኩሳት የሌላ ችግር ምልክት ነው። ደም የሚያንሰው በሦስት መንገድ ነው፦ ይፈሳል፣ ጊዜው ሳይደርስ ይፈርሳል፣ ወይም የአጥንት መቅኔ በበቂ መጠን አያመርተውም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ጊዜ ያባክናል፣ አንዳንዴም ይጎዳል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ቃሉ ለሌላም ነገር ይውላል። ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ዐይኑ ጭልም ያለበት ሰው «ደም አንሶኝ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለአፍታ የወረደው የደም ግፊቱ ነው። ግፊት ክንድ ላይ በሚጠመጠም መሣሪያ ይለካል፤ ደም ማነስ ግን ደም ተወስዶ ካልተመረመረ አይረጋገጥም። ቀይ ሥር ደም ይሆናል የሚለው እምነትም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀይ ሥር መልካም ምግብ ነው፤ ቀለሙ ግን ከሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና የለውም፣ የብረት ይዘቱም ከምስር ወይም ከጉበት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ምልክቶቹ ምን ይናገራሉ?

ድካም፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ራስ ምታትና ጆሮ ላይ ጭው ማለት የሁሉም ዓይነት ደም ማነስ የጋራ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የሚከብደው ግን በቁጥሩ ልክ ብቻ አይደለም። ደሙ በዝግታ ሲያንስ ሰውነት ይለምደዋል፤ ሄሞግሎቢኗ 7 ግራም በዴሲሊትር የደረሰ ሴት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ልትውል ትችላለች፤ «ትንሽ ይደክመኛል» ከማለት በቀር ቅሬታ አታሰማም። በአንድ ቀን ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ግን ከዚያ ባነሰ ጉድለት ይወድቃል።

መገርጣት በጠይም ፊት ላይ ስለማይታይ መርማሪው የታችኛውን የዐይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጎ የውስጡን ቀለም ያያል፤ መዳፍና የጥፍር ሥርም ይታያሉ። ቀይ መሆን የነበረበት የሽፋኑ ጠርዝ ከኋላው ካለው ክፍል ጋር እኩል ነጥቶ ከተገኘ ጉድለቱ ከባድ መሆኑን ያመለክታል። ቀላል ደም ማነስ ግን ከዐይን ምርመራ ያመልጣል።

ወደ ዓይነቱ የሚጠቁሙ ምልክቶችም አሉ። አፈር፣ አመድ ወይም በረዶ የመብላት አምሮት፣ የከንፈር ማዕዘን መሰንጠቅ፣ ጥፍር እንደ ማንኪያ መጎድጎድ የብረት እጥረትን ያስጠረጥራሉ። አፈር የምትበላ ነፍሰ ጡር ይህን የምትናገረው ሳትሸማቀቅ ከተጠየቀች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በእርጋታ መቅረብ አለበት። የእግር መደንዘዝ፣ የምላስ ልስላሴና ቁስለት፣ እንዲሁም ፊት ሲታጠቡ ዐይን እንደተጨፈነ መንገዳገድ ወደ ቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያመራሉ። የዐይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የጣፊያ ማበጥ ደም እየፈረሰ መሆኑን ይጠቁማሉ። የድድ መድማትና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከደም ማነስ ጋር ሲመጡ መቅኔው ራሱ መጠርጠር አለበት። በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በሁመራና በመተማ እርሻዎች ሠርቶ የተመለሰ ሰው ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ መክሳትና በግራ ጎኑ ያበጠ ጣፊያ ካለው ካላዛር ቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ቁጥሩና ከፍታው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሄሞግሎቢን በአዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ባልሆነች አዋቂ ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። በእርግዝና መጀመሪያና መጨረሻ ሦስት ወራት ወሰኑ 11፣ በመካከለኛው 10.5 ነው፤ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናትም 10.5 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ወለል አካባቢ የተቀመጡ ናቸው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሰውነት ብዙ ቀይ ሴል ስለሚያመርት መመሪያው ከተለካው ላይ ቅናሽ ያደርጋል፤ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖሩ ቅናሹ 1.4 ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ 13 የተለካላት ሴት በስሌቱ 11.6 ትሆናለች፤ ጤነኛ የመሰለው ውጤት ደም ማነስ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ግን ለኢትዮጵያ ደገኞች በዚህ አያበቃም። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በዚያ ከፍታ ከሚጠበቀው በጣም ዝቅ ያለ፣ ለባሕር ወለል ነዋሪ የቀረበ ነው። በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደም የሚታየው ከፍተኛ ጭማሪ እነሱ ላይ አልታየም። ስለዚህ በከፍታ ቅናሽ ብቻ ከወሰኑ በታች የወረደን ደገኛ የብረት ክምችቱን የሚያሳየውን ፌሪቲን ሳያዩ ታማሚ ነው ማለት ችኮላ ነው።

በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል።

ሲቢሲ፦ አንድ ወረቀት፣ ብዙ ፍንጭ

ደም ማነስን በሴሎቹ መጠን መከፋፈል የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም ማክስዌል ዊንትሮብ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. የሠራው የሄማቶክሪት ቱቦ ሴሎቹ ከደሙ ስንት በመቶ እንደሚይዙ ለመለካት አስቻለ፤ ከዚያም የአንዱን ሴል አማካይ መጠን አሰላ። ዋላስ ኩልተር በ1953 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቆጣሪ ደግሞ ሥራውን ወደ ማሽን አሸጋገረው። ዛሬ ሲቢሲ የሚባለው ምርመራ የዚህ ውጤት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሄሞግሎቢኑን ብቻ ነው፤ ዓይነቱን የሚናገረው ግን ከእሱ በታች የተጻፈው ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ ሴል አማካይ መጠን ነው። በአዋቂ ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር ሲሆን ልከኛ ይባላል።

ትንንሽ ሴሎች

ኤምሲቪ ከ80 በታች ሲሆን ቀዳሚው ተጠርጣሪ የብረት እጥረት ነው። ለማሳያ ሁለት ውጤቶችን ጎን ለጎን እንይ። የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን 8.1፣ ኤምሲቪ 64፣ የቀይ ሴል ቁጥር 3.9 ሚሊዮን፤ ሁለተኛው ሄሞግሎቢን 10.8፣ ኤምሲቪ እዚያው 64፣ የሴል ቁጥር ግን 5.6 ሚሊዮን ነው። ኤምሲቪን ለሴል ቁጥር ስናካፍል የመጀመሪያው 16.4፣ ሁለተኛው 11.4 ይሰጣል። ከ13 በላይ ወደ ብረት እጥረት፣ ከ13 በታች በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ችግር ወደሆነው ታላሴሚያ ያደላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብረት ያጣ መቅኔ የሚሠራቸው ሴሎች ትንንሽም ጥቂትም ናቸው፤ በታላሴሚያ ተሸካሚ ግን ሴሎቹ ትንሽ ይሁኑ እንጂ ቁጥራቸው አይጎድልም። የሴሎቹን መበላለጥ የሚለካው አርዲደብሊው በብረት እጥረት ከፍ ይላል፣ በታላሴሚያ ተሸካሚ ብዙ ጊዜ ልከኛ ይሆናል። ስሌቱ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ በብዛት የሚታየው የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚነት የሚረጋገጠው በሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ ኤ2 ከ3.5 በመቶ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። የብረት እጥረት ኤ2ን ዝቅ ስለሚያደርግ ብረቱ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ለብረት እጥረት ዋናው ምርመራ የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን ነው። ክምችቱ ከሄሞግሎቢን ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ሴሎቹ ገና ልከኛ ሳሉም እጥረቱ በፌሪቲን ይታያል። በጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል። ችግሩ ፌሪቲን በኢንፌክሽንና በብግነት ጊዜ ከፍ ማለቱ ነው፤ ቲቢ ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ብረት አልቆበትም ፌሪቲኑ 50 ሊሆን ይችላል። ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ብግነት ባለበት አዋቂ ወሰኑን ወደ 70 ከፍ አድርጎታል። ፌሪቲን ሲታዘዝ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ አብሮ ቢታይ መልካም ነው።

ጤፍ በብረት የበለጸገ ስለሆነ እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ብረት አያጥረውም የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ኖሯል። በጤፍ ናሙና ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው ግን እህሉ ውድማ ላይ በከብት ሲበራይ የሚቀላቀል የአፈር ብረት ነው፤ አንጀት ከእሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። በአንጻሩ የሊጡ መቡካት ብረት የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ለእህሉ የራሱ ብረት መንገድ ይከፍታል።

የብረት እጥረት ከተገኘ በኋላ «ብረቱ የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቃል። የበዛ የወር አበባ፣ ተቀራራቢ ወሊድ፣ ኪንታሮት፣ እንደ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ባሉ ማስታገሻዎች የደማ ጨጓራ ይፈተሻሉ። አንሲሎስቶማ ዱኦዲናሌ የተባለው የመንጠቆ ትል አንዱ ብቻ በቀን ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊሊትር ደም ያስወጣል፤ መቶ ትል በቀን 15 ሚሊሊትርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የሰገራ ምርመራ ርካሽና ዋጋ ያለው ነው። የወር አበባ በሌላቸው ሴቶችና በወንዶች ላይ ግን ክኒን ሰጥቶ ማሰናበት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጨጓራና የትልቁ አንጀት ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይኸው ሊሆን ስለሚችል በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት።

ትልልቅ ሴሎች

ኤምሲቪ ከ100 ሲበልጥ የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ይጠረጠራል። በደም ስላይድ ላይ ኒውትሮፊል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው አስኳል ከአምስት በላይ ተከፋፍሎ መታየቱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ጉበት የሚያከማቸው ግን ለዓመታት ስለሚበቃ የጾም ወራት ብቻቸውን ጉድለት ያመጣሉ ማለት አይቻልም። ከእንስሳት ተዋጽኦ ለዓመታት የራቀ፣ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ወይም ጨጓራው ቫይታሚኑን የሚያስመጥጠውን ፕሮቲን የማያመነጭ ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ሳይለዩ ፎሊክ አሲድ ብቻ መስጠት አደገኛ ነው፤ የደሙ ቁጥር ይሻሻልና የነርቭ ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ዚዶቩዲን የሚወስዱ የኤችአይቪ ታካሚዎች ኤምሲቪ ያለ ቫይታሚን እጥረትም ይጨምራል፤ አልኮልና የጉበት በሽታም እንዲሁ።

ልከኛ ሴሎች

ሴሎቹ ልከኛ ሆነው ደም ሲያንስ ቁልፉ ሬቲኩሎሳይት፣ ማለትም ከመቅኔ የወጡ አዳዲስ ሴሎች ቆጠራ ነው። ቁጥሩ በደም ማነሱ ልክ መታረም አለበት፤ ሄማቶክሪቱ 25 የሆነ ሰው 3 በመቶ ሬቲኩሎሳይት ቢኖረው፣ በ25 ተባዝቶ ልከኛ ለሚባለው 45 ሲካፈል 1.7 ገደማ ይሆናል፤ መቅኔው በቂ ምላሽ አልሰጠም ማለት ነው። ምላሹ ዝቅተኛ ከሆነ የኩላሊት ሕመም፣ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ወይም የመቅኔ ችግር ይፈለጋል።

ምላሹ ከፍተኛ ከሆነ ደም እየፈሰሰ ወይም እየፈረሰ ነው። ሲፈርስ ኤልዲኤችና ቀጥተኛ ያልሆነው ቢሊሩቢን ይጨምራሉ፣ ሃፕቶግሎቢን ይወርዳል። ሰውነት የራሱን ሴል እያጠቃ እንደሆነ በ1945 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኩምብስ ምርመራ ያሳያል። የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ጉድለት ያለበት ሰው ባቄላ በልቶ ወይም ለወባ ፕሪማኩዊን ወስዶ ደሙ ሊፈርስ ይችላል፤ ሆኖም ምርመራው በዚያው ሰሞን ከተደረገ ጉድለት ያለባቸው አሮጌ ሴሎች ስላለቁ ውጤቱ በሐሰት ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ከወራት በኋላ መደገም አለበት።

ስላይዱ

ማሽን የማይተካው ነገር ቀጭን የደም ስላይድ ነው። በጊምዛ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማጭድ ቅርጽ የያዙ፣ የተቆራረጡ ወይም ድቡልቡል የሆኑ ሴሎች ይለያሉ፤ የወባ ጥገኛ ተሕዋስም እዚያው ሊገኝ ይችላል። ነጭ ሴሎችና ፕሌትሌቶች አብረው ከወረዱ ካላዛር፣ ሉኪሚያና የመቅኔ መድረቅ ይታሰባሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዘር ውርስ ምክንያት ያለ ምንም በሽታ የኒውትሮፊላቸው ቁጥር አነስተኛ ነው፤ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይህ ታይቷል። በውጭ አገር የብረት እጥረት ያለባት ኢትዮጵያዊት የነጭ ሴል ቁጥሯ ዝቅ ስላለ ብቻ መቅኔዋ እንዳይቀዳ፣ ፕሌትሌቷ ልከኛ መሆኑንና የቀድሞ ውጤቶቿን ማየት ይቀድማል።

ፌሪቲን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ሕክምናው ራሱ እንደ ምርመራ ያገለግላል። ብረት በትክክል የተወሰደ እንደሆነ ሄሞግሎቢን በአንድ ወር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም ይጨምራል። ካልጨመረ መጀመሪያ የሚጠየቀው ክኒኑ መቼና ከምን ጋር እንደተዋጠ ነው፤ ከምግብ በላይ ቡና ወይም ሻይ ተጠጥቶ ከሆነ ብረቱ ሳይመጠጥ ያልፋል። አወሳሰዱ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ እዚያው ከቆመ ግን ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ አለዚያም የመጀመሪያው ግምት ስሕተት ነበር፤ ታካሚው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሲላክ ከሕክምናው በፊትም በኋላም የተሠራው ሲቢሲ አብሮት መሄድ አለበት።