ከግመል ምልክት እስከ ኮምፒዩተር ሥዕል

ሰው ንብረቱን ለይቶ ለማወቅ ምልክት ማድረግ የጀመረው ጽሕፈት ከመማሩ በፊት ነው። ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በሽንሌና በአካባቢዋ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን በጋለ ብረት ይተኩሳሉ፤ ምልክቱም በሶማሊኛ «ሱማድ» ይባላል። ጎሳ ከጎሳ የሚለይበት ይህ ምልክት ጥቂት መሥመር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ እረኛ እንኳ በውኃ ጕድጓድ ዙሪያ ከተቀላቀሉት ግመሎች መካከል የትኛው የማን እንደ ሆነ በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል። አባቶቻችን «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ሲሉ የተረቱት በከንቱ አይደለም። ሌባው ቢያጎነብስ ግመሉ አያጎነብስም፤ ምልክቱም ከነግመሉ ይታያል።

ዛሬ ኮምፒዩተር ስንከፍት በመስተዋቱ ላይ ተደርድረው የምናያቸው ትንንሽ ሥዕሎችም ሥራቸው ይኸው ነው። ስማቸው «አይከን» ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ሥዕል ወይም ምስል ማለት ነው። እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዚህ የበዓል መጽሔት የእነዚህን ሥዕሎች ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው፥ ብዙ ተማሪ በየቀኑ እየነካቸው ምንነታቸውን ባለመረዳቱ የደከመበትን ሥራ ሲያጣ ስለምናይ ነው።

በመጀመሪያ ዘመን ኮምፒዩተርን የሚያዝ ሰው ትእዛዙን ሁሉ በቃል መጻፍ ነበረበት። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ማሽኑ እንቢ ይላል። ይህን ችግር ለማቃለል በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. አልቶ የተባለውን ኮምፒዩተር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ካንፊልድ ስሚዝ የተባለው ሰው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ «አይከን» የሚለውን ቃል ለኮምፒዩተር ሥዕል ስም አድርጎ አወጣው። ይኸው ሰው በኋላ በዜሮክስ ኩባንያ ገብቶ ሲሠራ፥ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ስታር የተባለው ኮምፒዩተር ለገበያ ቀረበ። በስታር መስተዋት ላይ የሚታየው የአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ አምሳያ ነበር፤ ወረቀቱ፥ ማኅደሩ፥ የሚገባና የሚወጣ ደብዳቤ የሚቀመጥበት ሣጥን ሁሉ በሥዕል ተሥሎ ነበር። ሥዕሎቹን የነደፈው ኖርማን ኮክስ ነው። ዋጋው ግን ከ16,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ወደ ሕዝብ እጅ አልገባም።

አሳቡን ወደ ብዙ ሰው ያደረሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1984 ዓ.ም. የወጣው የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ነው። የማኪንቶሽን ሥዕሎች የሣለችው ሱዛን ኬር የተባለች ሠዓሊት ነበረች። ባለ አራት ማዕዘን መሥመር ያለው የሒሳብ ደብተር የመሰለ ወረቀት ገዝታ፥ በወርድ 32፥ በቁመትም 32 ቤቶች ለይታ፥ አንዳንዱን ቤት እያጠቆረች ሌላውን ነጭ እየተወች ሥዕሎቹን አወጣች። የሒሳብ ተማሪ ሊያሰላው እንደሚችል 32 በ32 ሲባዛ 1,024 ቤቶች ይሆናል። ቆሻሻ መጣያውን፥ ፈገግ የሚለውን ኮምፒዩተርና ፊውዙ የሚነደውን ቦምብ በዚህች ጠባብ ቦታ አስገባቻቸው። ጥቂት መሥመር ብዙ መናገር እንደሚችል የእኛም አገር ግመል ጠባቂ ያውቀዋል።

የማይክሮሶፍት ኩባንያም ዊንዶውስን እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ለወጣው ለሦስተኛው ዊንዶውስ ሥዕሎች የሣለችው ያችው ሱዛን ኬር ናት። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ እየጠራ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ የተሸጠው ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ በወርድም በቁመትም 256 ነጥብ ያለውን ሥዕል አስገባ፤ ይህም 65,536 ነጥብ ማለት ሲሆን ከሱዛን ኬር ወረቀት 64 እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በአገራችን የመንገድ ታሪክ አቋራጭ ምን ያህል ጠቃሚ እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። የጥንቱ ነጋዴ ከዘይላ በጊልዴሳ በኩል ወደ ሐረር በግመል ይጓዝ ነበር፤ ከጂቡቲ የመጣው የምድር ባቡር በሽንሌ በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ አጠረ። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ሆነ። ፋይሉ በፎልደር ውስጥ፥ ፎልደሩም በሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀብሮ ፍለጋው ሲያደክም፥ አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም.፥ ማይክሮሶፍትም ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ 95 ላይ አቋራጭ የሚባለውን ምልክት አስገቡ። የዊንዶውስ አቋራጭ በግራ በኩል ከሥዕሉ ግርጌ ባለችው ትንሽ ቀስት ይታወቃል።

ይህች ቀስት ልትታወቅ ይገባታል። አቋራጩ ራሱ ፋይሉ አይደለም፤ ፋይሉ ያለበትን አድራሻና የሥዕሉን ቦታ ብቻ የያዘ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አቋራጩን ብንሰርዝ ፋይሉ አይጠፋም። በተቃራኒው ግን አቋራጩን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሄደ ተማሪ ባዶ እጁን ሄዷል፤ የግመሉን ምልክት በወረቀት ሥሎ ወደ ገበያ እንደ ወጣ ሰው ነው፤ ማንም አይገዛውም።

የአቋራጩን ሥዕል እንደ ፈቀዱት መለወጥ ይቻላል። በቀኝ የማውዝ ቍልፍ ተጭኖ ከሚመጣው ዝርዝር የጠባይ መግለጫውን መክፈት፥ ከዚያም ሥዕል ለውጥ የሚለውን መምረጥ ነው። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአካባቢያችን ሶማሊኛ በላቲን፥ አማርኛ በግዕዝ፥ ዓረብኛም በራሱ ፊደል ይጻፋል። በአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ተማሪ ሲጠቀም የሒሳቡን ፎልደር በማስመሪያ፥ የጂኦግራፊውን በካርታ ሥዕል ብናመለክተው ሦስቱንም ፊደል የሚያነብ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ያገኘዋል።

ነገር ግን የመረጥነው ሥዕል በደኅና ስፍራ መቀመጥ አለበት። አቋራጩ የሥዕሉን አድራሻ እንጂ ሥዕሉን ራሱን አይዝም፤ ሥዕሉ ከቦታው ከተነሣ ወይም በፍላሽ ላይ ሆኖ ፍላሹ ከተነቀለ፥ ውሎ አድሮ በፊቱ ስፍራ ነጭ ወረቀት የመሰለ ነገር ይተካል። ስለዚህ ሥዕሎቹን ሁሉ ለይቶ በአንድ በማይንቀሳቀስ ፎልደር ውስጥ ማኖር፥ ስማቸውንም በግልጽ መጻፍ፥ አንድ ቅጅም በሌላ ቦታ ማስቀመጥ የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ስለ ገባ ስሙን በአማርኛ መጻፍም አይከለክለንም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ምልክት በሐሰት ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የታወቀው ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ በአቋራጭ ሥዕል ተሸሽጎ ይጓዝ ነበር፤ ሰው ሳይከፍተው ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ለማሳየት ሲያነብ ብቻ ቫይረሱ ይገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ቀዳዳ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በእነርሱ አቈጣጠር ደፈነው። በየትምህርት ቤቱ በፍላሽ የሚዛመተው የአቋራጭ ቫይረስም እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ያንኑ የሚመስል አቋራጭ ያኖራል። ተማሪውም ሥራዬ ጠፋ ብሎ በድንጋጤ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ገና የነበረው ፎልደር በእጁ ይጠፋል። ትናንት ያልነበረች ቀስት ዛሬ በፎልደራችን ላይ ካየን ሳንከፍተው አቁመን ኮምፒዩተር ለሚያስተምረን መምህር ማሳየት ይገባል፤ የተደበቀውን ፎልደር ብዙ ጊዜ ማውጣት ይቻላልና።

እንግዲህ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ እናንተም ጓደኞቻችን፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ምልክት የሚጠቅመው ከበስተኋላው የሚጠበቅ ሀብት ሲኖር ነው። አርብቶ አደሩ ምልክቱን ተኩሶ ግመሉን አይተውም፤ ማለዳ ያሰማራል፥ ማታ ይቈጥራል። እኛም ሥዕሉን አሳምረን ፋይሉ የት እንዳለ ካላወቅን፥ ምልክት ብቻ ይዘን መንጋችንን የበተንን እረኞች እንሆናለን። ስለዚህ ከክፍል ከመውጣታችን በፊት ሥራችን ከየት እንደ ተቀመጠ እንወቅ፤ ቅጅውንም እናኑር፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እንደ ወደድን እናሳምር።