ፎቶ ቤት ሲዘጋ የማን ታሪክ ይጣላል?

ኮኒካ ሚኖልታ ከካሜራና ከፊልም ሥራ እንደሚወጣ ያስታወቀው በጥር 1998 ዓ.ም. ነበር። ፖላሮይድ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ወዲያው የሚወጣውን ፎቶ ፊልም ማምረት እንደሚያቆም ተናገረ። ኮዳክም በጥር 2004 ዓ.ም. አበዳሪዎቹ ፋታ እንዲሰጡት ኒው ዮርክ በሚገኝ ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የሚገርመው፣ በ1968 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው የዚያው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን መሆኑ ነው። እነዚህ ስሞች ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሩቅ አገር የንግድ ወሬ አልነበሩም፤ የኮዳክ ቢጫ፣ የፉጂ አረንጓዴና የኮኒካ ሰማያዊ ለዓመታት የየሰፈሩ ፎቶ ቤት ሰሌዳ ቀለም ሆነው ኖረዋል። ኩባንያዎቹ ሲሄዱ ብዙ ሰው «ዘመኑ ተለወጠ» ብሎ አለፈው። ዘመኑስ በእርግጥ ተለውጧል። ነገር ግን ኩባንያ የሚዘጋው ፋብሪካውን ነው። በፊልሙ ላይ የቀረው ምስል ያለው ሌላ ቦታ፣ በደንበኛው አልበምና በሰፈር ፎቶ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። የከተማችን ተራ ሰው ትልቁ የምስል መዝገብ ይህ የፎቶ ቤቶች የኔጋቲቭ ክምችት ነው፤ እሱም ማንም ሳይቆጥረው እየጠፋ ነው። ማዳን ግን አሁን ባሉን ሕጎችና ተቋሞች ይቻላል። ለዚህ ክርክር የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ጥሩ ማሳያ ነው።

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጦርና ከቤተ መንግሥት ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። ተራው ሰው በዚያ ዘመን ፎቶ ውስጥ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም፤ «ወታደር»፣ «ነጋዴ»፣ «የገበያ ሴት» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። በስሙና በገዛ ፍላጎቱ፣ ከፍሎ፣ ካሜራ ፊት የተቀመጠው ፎቶ ቤት ከፒያሳ ወጥቶ ሰፈር ድረስ ሲደርስለት ነው። ያደረሰውም የፎቶ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤት ጥያቄም ነበር። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠይቅ ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ ካመጣ በኋላ ደግሞ መታወቂያ ለከተሜው ሁሉ የዕለት ጉዳይ ሆነ። በዚህ የተነሣ ለሌላ ነገር ፎቶ ቤት የማይሄድ ሰው ሳይቀር ለመታወቂያ ሲል ሄዷል። ሀብታሙም ድኻውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የከተማው ተወላጅም ትናንት ከገጠር የመጣውም በአንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀምጠዋል። እንዲህ ሁሉን ሰው ያካተተ ሌላ መዝገብ ከተማዋ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ይህ መዝገብ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺው ፊልሙን በጨለማ ክፍል ያጥባል፤ ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ፣ ከዚያም ምስሉን በሚያጸናው ፈሳሽ ያሳልፈዋል፤ በውኃ አጥቦ በክር ላይ ያሰጣዋል። ኔጋቲቩ ሲደርቅ ፊት ላይ ያለውን ጠባሳና ጥላ በሾለ እርሳስ ይነካካል፤ ቀርቦ ላየው የእርሳሱ ጭረት እስከ ዛሬ ይታያል። ኅትመቱ ለደንበኛው ይሰጣል፤ ኔጋቲቩ ግን ቁጥር፣ ስምና ቀን በተጻፈበት የወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ደንበኛው ተጨማሪ ኮፒ ሊያሳጥብ ይመለሳልና። የቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለውን አሮጌ ፎቶ ገልብጦ ጀርባውን ያየ ሰውም የዚህን ሥርዓት ሌላውን ጫፍ ያገኛል፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የኔጋቲቩ ቁጥር፣ ከሥሩም በብዕር «ለማይረሳው ወዳጅነታችን ማስታወሻ» የሚል የእጅ ጽሑፍ። ቁጥሩ ከመሳቢያው፣ መሳቢያው ከቁጥሩ ጋር ይናበባል። ነጋዴው ይህን ሲያደርግ ታሪክ እያስቀመጠ መሆኑን አላሰበም፤ ያሰበው የድጋሚ ኅትመት ገቢውን ነው። ሆኖም ማንነቱ፣ ቀኑና ቦታው የታወቀ ምስል ማለት ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ማለት ነው። ከፎቶዎች ሁሉ ብርቁም ይኸው ነው።

ኮልፌን የዓለም ታሪክ የሚያውቀው በአንድ እንግዳ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል፣ አሠልጣኞቻቸውም ከዓመታት በኋላ መስክረዋል። ሥልጠናው ምስጢር ነበርና ያቆየልን በዋነኛነት ቃልና ጽሑፍ ነው። ማንዴላን ያቆየው በኋላ ያገኙት ዝና ነው፤ ያ ባይኖር ኖሮ የኮልፌ ቆይታቸውን ማን ይፈልገው ነበር? በዚያው ካምፕ ያለፉት ምልምሎች ግን መጽሐፍ አልጻፉም፣ የሚጠይቃቸውም ጋዜጠኛ አልመጣም። ለብዙዎቹ ሰፈሩን ማለፋቸውን የሚመሰክር ነገር ካለ፣ አዲስ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ለወላጆቻቸው የላኩት ፎቶ ነው። እንዲሁ በዘነበወርቅ በኩል ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየአገሩ መጥተው በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ የቀሩ ቤተሰቦች፣ ከመርካቶ ገበያ ተገፍተው በአጠና ተራና በአሥራ ስምንት ማዞሪያ የሰፈሩ ነጋዴዎች፣ በኋላም ወደ ቤቴል፣ አየር ጤናና ካራ ቆሬ የወጡ ቤት ሠሪዎች አሉ። የክፍለ ከተማው የዛሬ መልክ የተሠራው በእነዚህ ሰዎች ነው። የነሱን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ቤተ መንግሥት የሚያስሰው ነገር የለም።

«ጉርድ ፎቶ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ የቆመ ፊት» የሚል ይኖራል። መልሱ መስቀል አደባባይ አለ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳውን የሞላው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተገደሉ ሰዎች ፎቶ ነው። ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት ወይም ለመታሰቢያ ተብለው ፎቶ ቤት የተነሡ ተራ ምስሎች ናቸው። ያነሣቸው ሰው ለሙዚየም አላነሣቸውም፤ የተነሡትም እንዲህ እንደሚፈለጉ አላወቁም። ግን ገዳዩ ስም ሊያጠፋ ሲፈልግ ፊት ያስቀረችው ያቺ ጉርድ ናት። ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ደንበኞቹን ሲያነሣ የኖረው ሴይዱ ኬይታ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ለዕይታ ሲቀርቡ አንሺው ማን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም ነበር። ሥራው ሊቆይ የቻለው ኔጋቲቮቹን ስላልጣለ ነው፤ ዛሬ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ታሪክ ያለ እሱ አይጻፍም። ሁለቱም ምሳሌዎች የሚሉት አንድ ነው፤ የምስሉን ዋጋ የሚወስነው የተነሣበት ምክንያት አይደለም፣ መቆየቱ ነው።

ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? በመጀመሪያ ፊልሙ ቀረ፤ ከፊልሙ ጋር ማጠቢያውና የጨለማ ክፍሉ ሙያ ቀረ። ፎቶ ቤቶች ወደ ዲጂታል ዞረው ለጊዜው ተንፈራገጡ፤ ጉርዱና ሠርጉ ያኖራቸው ነበርና። ቀጥሎ ግን ጉርዱም ከእጃቸው ወጣ። ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው ፎቶውን የሚነሣው እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና ፊትን በምዝገባ ጣቢያው ይወስዳል። መንግሥትን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ አሠራሩ ማጭበርበርን ይቀንሳል፣ የነዋሪውንም ወጪ ያቀልላል። ግን የፎቶ ቤቱ የመጨረሻ ምሰሶ ይህ ነበር። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት የሚለቅ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚያድነው ካሜራውን፣ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን ነው፤ አሮጌው የኔጋቲቭ ካርቶን ገዢ የለውም። አዲስ አበባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆሻሻዋን ሁሉ የጣለችው እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች የገደለው ክምር ይህ ነው። ከፎቶ ቤት የተጣለ ነገርም ከዚህ የተለየ መድረሻ አልነበረውም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው የስልክ ነው። ዛሬ አንድ የኮልፌ ልጅ በሳምንት የሚያነሣው ፎቶ አያቱ በዕድሜ ልካቸው ከተነሡት ይበልጣል፤ ታዲያ ምን ጠፋ ያሰኛል? ብዛትና መቆየት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል፤ ምስሉን ያስቀመጠው ኩባንያም አገልግሎቱን ሊዘጋ ይችላል፣ ኮዳክን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ኔጋቲቭ ግን ለመታየት የሚፈልገው ብርሃን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ስልኩ የሚመልሰው የዛሬን ጥያቄ ነው፤ በ1960ዎቹ፣ 70ዎቹና 80ዎቹ የተነሣው ስልክ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግል ምስጢር ነው፤ ይህኛው ሊናቅ አይገባም። አንዲት ሴት በ1975 ዓ.ም. ለመታወቂያ የተነሣችው ፎቶ ያለፈቃዷ ኤግዚቢሽን ላይ ቢሰቀል ልትቆጣ ይገባታል። ሕጉም ከጎኗ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም የግል መረጃን ይጠብቃል። ግን ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 28 ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም በር ይከፍታል። ዋናው ነጥብ ማስቀመጥና ማሳየት ሁለት ነገሮች መሆናቸው ነው። የመዛግብት ተቋም ሥራው ሳጥኑን መጠበቅ ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ፣ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሲመጣ የራሱን ሰጥቶ፣ ለተመራማሪ በደንብ ፈቅዶ። ይልቅስ ምስጢርን የሚያጋልጠው ዛሬ ያለው ሁኔታ ነው፤ የሺዎች ፊትና ስም በካርቶን ተሞልቶ ሜዳ ላይ ሲጣል የሚጠብቀው ማንም የለም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ሁሉንም ኔጋቲቭ በስካነር ማንበብ በእርግጥ ብዙ ወጪ አለው፤ ግን ያ ሊቆይ ይችላል። የማይቆየው ሳጥኑን ከዝናብና ከሙቀት ማውጣት ነው። የፊልም ጠላቶች ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ አሮጌ ፊልም ሲበላሽ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ክረምት ላይም ሻጋታ ምስሉን የያዘውን ጄላቲን ይበላዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቀዝቃዛ ከተማ ለዚህ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አላት፤ ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያና የወረቀት ኤንቨሎፕ ለመጀመሪያው እርምጃ ይበቃሉ። ፍላጎት ያላቸው ጥቂት ሰዎች ምን ሊሠሩ እንደሚችሉም ታይቷል። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ ከቤተሰብ አልበሞች የሰበሰቧቸውን ፎቶዎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ፖላሮይድ ፊልሙን ሲያቆምም በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያ ገዝተው ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2010 እንደ አዲስ የሠሩት የቀድሞ ሠራተኞችና ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው የተወውን ያስቀጠሉት ሙያውን በእጃቸው የያዙት ነበሩ። እኛም አገር የእርሳሱን ጭረትና የኤንቨሎፑን ቁጥር የሚያነቡ አንጋፋ ፎቶ አንሺዎች ገና በሕይወት አሉ። ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ተቋም አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሱ ወራሽ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የፎቶ ስብስብ አለው። የጎደለው ሳጥኑን ከፎቶ ቤቱ ወደ እነሱ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ያም መንገድ የንግድ ፈቃድ ቢሮ በር ላይ ይጀምራል። ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ፈቃዱን ለመመለስ ግብር መክፈሉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። ለፎቶ ቤት ሲሆን በፈቃድ መመለሻው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የቆየ ኔጋቲቭ አለዎት? ምን ለማድረግ አስበዋል?» ነጋዴው በፈቃዱ ካስረከበ ምስጋናና ስሙ በመዝገብ ይስፈርለት፤ መሸጥ ከፈለገም ተቋሙ ቀዳሚ ገዢ ይሁን። ለጊዜው ባህልን የሚመለከተው የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል መድቦ ሊቀበል ይችላል። የማንዴላን ስም በኩራት የሚያነሣው ኮልፌ ቀራንዮ ይህን ለመሞከር የመጀመሪያው ቢሆን ያምርበታል፤ በዚያው ካምፕ የሠለጠኑትና በዙሪያው የኖሩት ሰዎች ታሪክ የሚጻፈው በሌላ መንገድ አይደለምና።