ገንዘቡ የከተማው፣ ውሳኔውስ የማን?

የሴንት ሉዊስ ከንቲባ የነበረው ብራያን ሙላንፊ እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሞት ከሀብቱ አንድ ሦስተኛውን የተናዘዘው ከተማዋን አቋርጠው ወደ አሜሪካ ምዕራብ ለሚሄዱ ችግረኛ መንገደኞች ነበር። በዘመኑ የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው፤ ሴንት ሉዊስ ወደ ምዕራቡ መግቢያ በር ነበረችና። ባቡሩ ሲመጣ ግን በጋሪ የሚንገላታው መንገደኛ ጠፋ፤ ገንዘቡ በኑዛዜው ቃል እንደታሰረ ቀረ። በ1790 ያረፈው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፓውንድ ትቶ፣ ለ200 ዓመት እየተንከባለለ ለወጣት የእጅ ባለሙያዎች በ5 በመቶ ወለድ በብድር እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ጠቢቡ ፍራንክሊን እንኳ ፋብሪካ መጥቶ ባለ ወርክሾፑን ከነተለማማጁ እንደሚያጠፋው አላየም።

እንዲህ ያለውን የታሰረ ገንዘብ እያየ ሲቆጭ የኖረ አንድ የክሊቭላንድ ጠበቃ ነበር፤ ፍሬድሪክ ጎፍ። በ1908 የክሊቭላንድ ትረስት ባንክ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ የሀብታሞች ኑዛዜ በእጁ ያልፍ ነበርና፣ የሞተ ሰው የሕያዋንን ከተማ እንዴት አንቆ እንደሚይዝ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በ1914 መጀመሪያ ያቋቋመው የክሊቭላንድ ፋውንዴሽን በዓለም የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ነው። አሠራሩ ዛሬም ድረስ ብልህነቱ ይታየኛል። ባንኩ ገንዘቡን በአደራ ይዞ ያራባ ነበር፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ባንኩ አይወስንም ነበር። የሚወስነው አምስት አባላት ያሉት አከፋፋይ ኮሚቴ ሲሆን፣ ከአምስቱ ሦስቱን የሚሰይሙት ከንቲባውና ሁለት ዳኞች ነበሩ። ለጋሹ ዓላማውን መናገር ይችላል፤ ዓላማው ዘመን ያለፈበት እንደሆነ ኮሚቴው ገንዘቡን ለሌላ የከተማዋ ችግር ያዞረዋል።

አንድ እንከን ብቻ ነበረው። የኑዛዜ ገንዘብ የሚመጣው ተናዛዡ ሲሞት ነው፤ የክሊቭላንድ ባለጸጎች ደግሞ ለመሞት አልቸኮሉም። ስለዚህ ፋውንዴሽኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ይልቅ በሚያስጠናው ጥናት ታወቀ። የትምህርት ቤቶቹን ጉድ በብዙ ቅጽ ያወጣው በሌናርድ አይረስ የተመራ ጥናት ነው፤ በሮስኮ ፓውንድና በፊሊክስ ፍራንክፈርተር የተመራው የ1922 ጥናት ደግሞ የከተማዋን ፖሊስና ፍርድ ቤት ገመና አደባባይ አወጣ።

ሐሳቡ በፍጥነት ተዛመተ፦ በ1915 ቺካጎና ቦስተን፣ በ1921 ካናዳ ዊኒፔግ፣ በ1924 ኒው ዮርክ። ከእነዚህ ቆም ብዬ ላየው የምወደው የዊኒፔጉን ነው። መሥራቹ ባንከኛ ዊልያም አሎዌይ 100,000 ዶላር አስቀመጠ። በ1924 የመጣው ሁለተኛው ስጦታ «የመበለቲቱ መባ» የሚል የተጻፈበት ፖስታ ነበር፤ በውስጡ ሦስት ባለ አምስት ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች፣ የሰጪዋ ስም የለም። የመበለቲቱ 15 ዶላር ከባንከኛው መቶ ሺህ ጋር በአንድ ቋት ገባ፤ ከቋቱ የሚወጣውም ያለ ሰጪ ፊት ወጣ። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ማለት በጥሩ ቀኑ ይህ ነው።

በ1931 የኒው ዮርኩ ተቋም አዲስ በር ከፈተ። ለጋሽ በሕይወቱ ሳለ በስሙ ሒሳብ ከፍቶ፣ ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚለውን ራሱ እንዲያማክር ተፈቀደለት። በሕግ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ምክሩ ውድቅ ሲሆን የታየው ግን ጥቂት ነው። ለጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ነገሩን የቀየረው ዋሽንግተን ነው፤ መነሻው ከፊል ክሊቭላንድ መሆኑ ይገርማል። በ1967 የፎርድ ፋውንዴሽን በክሊቭላንድ ለነበረ የጥቁሮች መብት ድርጅት 175,000 ዶላር ሰጠ፤ ከፊሉ ለመራጮች ምዝገባ ዋለ። በዚያው ዓመት ካርል ስቶክስ በአሜሪካ ትልቅ ከተማ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነ። በቴክሳሱ የምክር ቤት አባል በራይት ፓትማን ቆስቋሽነት ፋውንዴሽኖችን ለዓመታት ሲከስ የቆየው ኮንግረስ ይህን ሲያይ ባሰበት። የ1969 የግብር ማሻሻያ ሕግ በግል ፋውንዴሽኖች ላይ ግብርንና ገደብን ጣለ። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ከዚያ ማምለጥ የሚችሉት ገንዘባቸው ከሰፊው ሕዝብ እንደሚመጣ ካሳዩ ብቻ ሆነ። ኑዛዜ እየጠበቁ መቀመጥ ቀረ፤ በሕይወት ያለ ለጋሽ ማደን ተጀመረ። በ1931 የተከፈተው በር አሁን ሰፊ መንገድ ሆነ።

ቀጥሎ ያለው የመስፋፋት ታሪክ ነው። ሞት (Mott) የሚባለው ፋውንዴሽን በየከተማው ትንንሾቹን ደገፈ፤ የሊሊ ኢንዳውመንት ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ባፈሰሰው ገንዘብ የኢንዲያና 92ቱም አውራጃዎች በማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ተሸፈኑ። በ1997 ኬንያ የራሷን አቋቋመች። በ2007 ሁለት የካሊፎርኒያ ፋውንዴሽኖች ተዋህደው የሲሊከን ቫሊው ተወለደ፤ ማርክ ዙከርበርግ በ2012 መጨረሻ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ የፌስቡክ አክሲዮን ሰጠው። በዚያው አካባቢ ሳን ሆሴ ውስጥ ምግብ የሚያድል ማኅበር ይህን ሰምቶ ቢደሰት አይፈረድበትም። ግን እንዲህ ያለው ስጦታ ለጋሹ በሚያማክርበት ሒሳብ ሲቀመጥ፣ ገንዘቡ ወደ የትኛውም ክፍለ ሀገር ሊሄድ ይችላል።

ለትንሹ ማኅበር ጉዳዩ የሚገለጠው በማመልከቻው ወቅት ነው። ከትምህርት በኋላ ሕፃናትን የሚያስጠና፣ አዛውንትን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ድርጅት (በዋሽንግተንና በሲያትል አካባቢ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትም ከነዚህ መካከል ናቸው) መጀመሪያ ከፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያወጣል። ከዚያ አጭር የፍላጎት መግለጫ፣ ሲፈቀድለት ሙሉ ፕሮፖዛል፣ በጀት፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ ዓመት ሲሞላ ሪፖርት። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚቀርበው በኮሚቴ ለሚከፋፈለው ገንዘብ ነው፤ ለጋሾች በሚያማክሩት ሒሳብ ላይ ያለው በአብዛኛው በማመልከቻ አይገኝም፤ ለጋሹን ማወቅ ይጠይቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ጎፍ የከተማውን ገንዘብ ከሟች ፈቃድ አላቀቀ፤ ተከታዮቹ ለባለ ሒሳቡ ፈቃድ መልሰው ሰጡት። ባለ ሒሳቡ በሕይወት ስላለ ሊለወጥ ይችላል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ማኅበረሰቡ የሾመው ዳኛና ከንቲባ የሰየመው ኮሚቴ አይደለም።

የግል ፋውንዴሽን በዓመት ከሀብቱ 5 በመቶ ያህል እንዲያወጣ ሕግ ያስገድደዋል። ለጋሽ የሚያማክረው ሒሳብ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ የግብር ቅናሹ ገንዘቡ በገባበት ቀን ይገኛል፣ ገንዘቡ ደግሞ ሃያ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በ2021 ሴናተሮቹ አንገስ ኪንግና ቻክ ግራስሊ የጊዜ ገደብ የሚያበጅ ረቂቅ አቀረቡ፤ ለማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ትንንሽ ሒሳቦች ለብቻ ማስተያየት ነበረው። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ።