የዞብል መቃብርና ያረጀ ፈረስ ክረምት

በጎንደር ከተማ፣ ከአፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ፣ ጉልላት ያለው አነስተኛ የድንጋይ ሕንጻ ይገኛል። በአፈ ታሪክ የዞብል መቃብር ይባላል። ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር፤ አንዳንዶች የአፄ ፋሲል፣ ሌሎች ደግሞ የልጃቸው የቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ነበር ይላሉ። ስለ ባለቤቱ ቢለያዩም፣ አገልግሎ ያለፈ ፈረስ ክብር የሚገባው መሆኑን ሁሉም ይቀበላሉ።

ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት አልተወለደም። በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ጎንደር የፈረሰኛ መናገሻ ነበረች። በግቢው ውስጥ የአፄ በካፋ የፈረስ ጋጣ ዛሬም ይታያል። ነገሥታትና መኳንንት በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ መባላቸውም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክ የመዘገበው የንጉሥን ፈረስ ነው። ለዳባትና ለደባርቅ ገበሬ ፈረስ መቃብር አልታነጸለትም፤ የእርሱ ታሪክ ከብርድ ጋር ያደረገው ትግል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስትሆን፣ ደባርቅ በ2,800 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ የስሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በዚህ አገር ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የክረምቱ ዝናብና ጭቃ፣ ሁለተኛው በበጋ በጠራ ሰማይ ሥር ሌሊት የሚወርደው ውርጭ።

ደረቁን ብርድ ጤናማ ፈረስ ይችለዋል። ጠጉሩ ቆሞ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ ድርቆሽም በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጠዋል። ዝናብ ግን ጠጉሩን አስተኝቶ ይህን ልብሱን ይገፈዋል። ዕድሜው 15 ዓመት ያለፈው ፈረስ እንደ ሽማግሌ ይቆጠራል፤ በከባድ ሥራ የዋለው ከዚያም ቀድሞ ያረጃል። ጥርሱ ሲያልቅ ወይም ጠርዙ ስል ሆኖ ጉንጩን ሲያቆስለው ድርቆሹን አላምጦ መዋጥ ተስኖት ይተፋዋል። ምግብ በፊቱ ሞልቶ ሳለ ይራባል፤ ሲራብም ይበርደዋል። ወፍራም ጠጉር ክሳትን ስለሚሸፍን፣ ባለቤቱ በዓይኑ ብቻ ሳይወሰን ጎድኑን በእጁ ዳብሶ ሊያውቅ ይገባል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ከዝናብና ከነፋስ የሚከልል ጣራ፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ በሞረድ የተስተካከለ ጥርስ፣ ደቅቆ ተከትፎ በውሃ የራሰ ድርቆሽና ፉርሽካ ነው። በውርጭ ጧት ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ያሻዋል፤ ከቅዝቃዜ የተነሣ ውሃ ያልጠጣ ፈረስ ድርቀት ይዞት ለሆድ ቁርጠት ይጋለጣልና።

በከተሞቻችን ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ አቅሙ ሲደክም መንገድ ላይ ሲለቀቅ ያላየ የሙያ ባልደረባ አይኖርም። ባለጋሪውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ ሥራ ላቆመ ፈረስ የሚገዛው መኖ ከልጆቹ እንጀራ የሚቀነስ ነውና። ስለሆነም በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ የሽማግሌዎቹን ፈረሶች ጥርስ መመርመር፣ ጭነታቸው እንዲቀልል ባለቤቱን መምከር፣ ፈውስ የሌለው ሥቃይ ሲገጥምም በሙያው ሥርዓት ያለ ጣር ማሳረፍ የእኛ ፈንታ ነው።

የዞብል ሕንጻ ከሞት በኋላ የተሰጠ ክብር ነው። ያረጀ ፈረስ ግን ክብሩን የሚፈልገው በሕይወት ሳለ፣ ከሰኔ ዝናብ በፊት ነው።