አራስን ማረስ

በአማርኛ የወለደች ሴት «አራስ» ትባላለች፤ እሷን የመንከባከቡ ሥራ ደግሞ «ማረስ» ነው። «ማን አረሰሽ?» ሲሏት «እናቴ አረሰችኝ» ትላለች። በጽሕፈት መሬት ከማረስ የማይለየው ይህ ግስ ብዙ ይዟል። ማብሰል፣ ማጠብ፣ እሳት ማንደድ፣ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ ማባበል፣ ጡት አልይዝ ሲል ማስያዝ፣ ጠያቂ ማስተናገድ፣ ሁሉም ማረስ ነው። በኢትዮጵያ ጡት ለምታጠባ እናት የሚደረገው ድጋፍ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አዋላጅ ነርስም ጤና ኬላም ከመኖራቸው በፊት የወተቷ ነገር የሚታሰበው በአራስ ቤት ነበር።

በብዙ የአማራ አካባቢዎች ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ምጡ ሲጀምር ማርያም ትጠራለች፤ ስትገላግላትም ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወዲያው ገንፎ ይገነፋል። የተቆላ የገብስ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ እየተነሰነሰ፣ እንዳይጓጉል በማማሰያ እየተመታ ይበስላል፤ ከዚያ በገበታ ላይ ተድቦልቡሎ መሐሉ ይጎደጎድና ንጥር ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። ገንፎው የደስታ ምግብ ነው፤ የሰነበተው ሥራ ግን የአጥሚት ነው። አጃና ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በቀጭኑ ይፈላል፣ ቅቤና ማር ይገባበታል፣ አራሷ ቀን ከሌሊት በትኩሱ እንድትጠጣው ይደረጋል። «ወተት ያወርዳል» ይባልለታል። የተልባ መጠጡም፣ ሙቁም፣ የዶሮ ሾርባውም የሚቀርበው በዚሁ እምነት ነው። በጉራጌና በሌሎች የእንሰት አገሮች ቦታውን የቡላ ገንፎ ይይዛል። በኦሮሞ ዘንድ በአምስተኛው ቀን የሚደረገው ሸነን ጎረቤት ሴቶችን ሁሉ ወደ አራሷ ያመጣል።

አጥሚቱ በራሱ ወተት ይፈጥራል ማለት አይደለም። ወተት የሚበዛው ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ነው፤ ጡት በተጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ወተት እንዲመረት ያዛል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተመረተውን ገፍቶ ያወርደዋል። ሁለተኛው ሆርሞን ድንጋጤ፣ ሕመምና ጭንቀት ቶሎ ያውኩታል። እንግዲህ በቀን ብዙ ጊዜ ትኩስ ፈሳሽ የምትጠጣ፣ እንስራ የማትሸከም፣ ከልጇ ጎን የምትተኛ ሴት ወተቷ ቢወርድ የሚደንቅ አይደለም። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ደንብም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ቡዳና ምች ነው ይባል ነበር፣ ከራስጌዋም ብረት ይቀመጥ ነበር። ውጤቱ ግን ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ከጎኗ ሁልጊዜ ሰው መኖሩ ነው፤ ያውም አምስት ስድስት ልጅ አጥብታ ያሳደገች ሴት።

የቀኑን ብዛት ሃይማኖት ወስኖታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በሙስሊሞች ዘንድ የአራስነቱ ጊዜ እስከ 40 ቀን ይቆጠራል፤ ቁርኣንም ማጥባቱን መሙላት ለሚፈልግ ሁለት ዓመት አስቀምጧል። ከሁሉ ጥብቅ የነበረው የቤተ እስራኤል ሥርዓት ነው። ወላዷ ከመንደሩ ጠርዝ ወዳለው የመርገም ጎጆ ትገባለች፤ ለወንድ 7፣ ለሴት 14 ቀን ከቆየች በኋላ ወደ አራስ ጎጆ ተሻግራ 40ውን ወይም 80ውን ትሞላለች። ምግቧን ሴቶች ያመጡላታል፤ እህል የመፍጨትም፣ ውኃ የመቅዳትም ግዴታ የለባትም። ይህ ሥርዓት የንጽሕና ሕግ እንጂ የጤና ፕሮግራም አልነበረም፤ ሆኖም ለእናትና ለልጅ በገጠር ሕይወት ሌላ ጊዜ የማይገኘውን ነገር፣ ሥራ የሌለበትን ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ወደ እስራኤል የሄዱት እናቶች መውለጃቸው ሆስፒታል ሆነ፣ ጎጆውም ቀረ።

አራስ ቤት ጥፋትም ነበረበት፤ ጥፋቱም ቀላል አልነበረም። እንገር፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ቢጫና ወፍራም ወተት፣ በብዙ ቦታ እንደ ቆሻሻ ይታይ ነበር። ሆድ ያሳምማል ተብሎ ታልቦ ይደፋል። በምትኩ ሕፃኑ ለጋ ቅቤ ይልሳል፣ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ይቀምሳል። እንገር ግን ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት፣ ለትንሹ የመጀመሪያ ቀን ጨጓራ የሚበቃ ምግብ ነው። ቅቤውና ውኃው ሕፃኑን ያጠግቡታል፤ የጠገበ ሕፃን አይጠባም፤ ጡት ካልተጠባ ወተቱ ይዘገያል፤ ወተቱ ሲዘገይ ደግሞ «ወተት የላትም» ይባልና ሌላ ቅቤ ይጨመራል። እናትን ለመርዳት የተሰበሰቡት እጆች ሳያውቁ የሚያሰናክሏት እዚህ ላይ ነበር። ከክርስትናው በኋላ ወደ ጾም መመለስም ሌላው ነው፤ ለምታጠባ እናት ላለመጾም ፈቃድ ቢኖርም ብዙዎች ይጾሙ ነበር፣ ዛሬም የሚጾሙ አሉ።

ዘመናዊ ሕክምና ወደዚህ ቤት የገባው ዘግይቶና በቀጭኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር ኮሚኒቲ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። ማዋለድ የተማሩና ወደ ሰው ቤት የሚሄዱ ነርሶች ማፍራት በዚያ ዘመን ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ቁጥራቸው ግን ለአገሩ ስፋት ከቶ አይበቃም። በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍልም፣ በ1968 የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ያተኮረው ጡት በሚጥሉ ልጆች ላይ ነበር። ከሥራው የወጣው ተጨማሪ ምግብ «ፋፋ» ተባለ፤ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል። የፋፋ ታሪክ የሚናገረው ግን ከስድስት ወር በኋላ ስላለው ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጀመሪያው ወር ያለው ጊዜ አሁንም በአራስ ቤት እጅ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ከተቃራኒው አቅጣጫ መጣ። በአሜሪካ የሆስፒታል ወሊድና የጡጦ ወተት ጡት ማጥባትን ከልማድ ሊያወጡት ደርሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በቺካጎ አጠገብ ሰባት እናቶች ተሰባስበው ላ ሌቼ ሊግን መሠረቱ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፦ ያጠባች ሴት ለምታጠባ ሴት እንድታሳያት ማድረግ። ለኢትዮጵያዊት አያት ይህ ማኅበር የሚያሻው ነገር መስሎ አይታያትም። የዱቄት ወተቱ ግን ወደ ድሃ አገሮችም ተጓዘ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር የቆርቆሮ ወተት ማስታወቂያ ሕፃናትን እየገደለ ነው ብላ ነበር። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፤ ዱቄቱን ለማቆየት ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ልጁ ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ንግድ የሚገድበውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃን ወዳጅ ሆስፒታል የሚለውን እንቅስቃሴ ጀመሩ። አሥሩ መርሆዎቹ በወሊድ ክፍል መደረግ ያለበትን ይዘረዝራሉ፤ ልጁን ከእናቱ አለመለየት፣ ያለ ሕክምና ምክንያት ከጡት ሌላ አለመስጠት፣ እንዴት እንደሚጠባ ማሳየት።

ማሳየት የሚለው ቃል በተግባር ይህን ይመስላል። አዋላጇ ሕፃኑን ሆዱ ከእናቱ ሆድ እንዲገጥም ታዞረዋለች፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መሥመር ይሆናሉ። ጡቱ ከንፈሩን ሲነካው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትጠብቃለች፣ ያኔ ወደ ጡቱ ታስጠጋዋለች። አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። ጫፉን ብቻ ከያዘ ጡቱ ይቆስላል፣ ወተቱም በደንብ አይወጣም። እናቶች ልጆቻቸውን ከጡት የሚያርቁበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ቁስል ነው፤ መድኃኒቱም ቅባት ሳይሆን አያያዙን ማስተካከል ነው። ልምድ ያላቸው አያቶች ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ በወረቀት ያሰፈረው ግን አልነበረም።

በኢትዮጵያ ይህ እውቀት ወደ ገጠር የወረደው በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሴቶችን አሰማራ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። የመንደሩን ቋንቋ የሚናገሩ፣ በየቤቱ የሚገቡ መሆናቸው ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። እንገር የመጀመሪያው ክትባት ነው ብለው አስተማሩ፤ ምራቷን የምታርሰው አማት ካልሰማች ምክሩ እንደማይሠራ ስለገባቸውም አማቶችን ጭምር ሰበሰቡ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ሆኑ። በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት ከ52 ወደ 73 በመቶ ወጡ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን ከ52 ወደ 58 በመቶ ብቻ ነው ያደጉት፤ ምክር ለመጀመሪያው ሰዓት ይበቃል፣ ለስድስት ወር ግን ሥራዋን የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል።

ብልሃት የታየው ጤና ተቋማቱ አራስ ቤትን ለመተካት ሳይሆን ለማስገባት ሲሞክሩ ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ መውለድን የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ገንፎና ቡና የሌለበት ወሊድ ብርድና ባይተዋርነት ስለሚሆንባቸው ነበር። ስለዚህ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ገንፎ ይገነፋ፣ ቡና ይፈላ፣ ጎረቤቶች ይጋበዙ ጀመር። ቀደም ሲል በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የከፈተው የእናቶች ማቆያም ሩቅ የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ከዘመድ ጋር መጥተው ቀናቸውን የሚጠብቁበት ቤት ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱት እ.ኤ.አ. በ2005 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደረሱ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የኤችአይቪ ዘመን ነበር። ቫይረሱ በጡት ወተት ሊተላለፍ መቻሉ ሲታወቅ የጡጦ ወተት ምክር መጣ፤ ብዙ እናቶች ግን ለዱቄቱ ገንዘብ፣ ለማፍላቱ ማገዶ አልነበራቸውም፣ ባለማጥባታቸውም ጎረቤት ይጠረጥራቸው ነበር። በየጤና ጣቢያው የተቋቋሙት የእናት ለእናት ድጋፍ ቡድኖች በዚህ ጊዜ ሕይወት አድነዋል። በሽታውን በራሷ የምታውቅ እናት ሌላዋን ታስተምራለች፣ ቡና እየተጠጣ መድኃኒቱም ፍርሃቱም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት እየወሰዱ ማጥባትን የሚደግፍ መመሪያ ሲያወጣ ምርጫው ቀለለ።

ለደመወዝ የምትሠራ እናት ድጋፍ የሚወሰነው በሕግ ነው። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አሳደገው፤ ለአባትም 3 ቀን ጨመረ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010ም ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሰጠ ሲሆን መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። 90 ቀን ከ80ው የክርስትና ቀን ብዙም አይርቅም፤ ከስድስት ወሩ ግን ግማሹ ነው። በአበባ እርሻና በፋብሪካ የምትሠራ ሴት በሦስተኛው ወር ልጇን ለጎረቤት ትታ ስትሄድ ጡቷ ሥራ ላይ ሞልቶ ይጠነክርባታል፤ ወተቱ እስከ ማታ ካልተጠባ ወይም ካልታለበ ቀስ እያለ ይነጥፋል።

በውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያን አራስ ቤቱን በአውሮፕላን ያመጣሉ። «ልጇን ልታርስ አሜሪካ ሄደች» የሚለው አነጋገር አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ሆኗል። አያቲቱ ቪዛ ታገኛለች፤ ሻንጣዋ ውስጥ የአጥሚት ዱቄት፣ በርበሬ፣ በታሸገ ዕቃ ንጥር ቅቤ ይገባል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ አፓርታማ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ገንፎ ትገነፋለች፤ ሌሊት ከልጇ ጎን ትቀመጣለች፤ የሆስፒታሏ የጡት ማጥባት አማካሪ ቀን ላይ ያሳየችውን አያያዝ ልጅቷ ሌሊት ስትረሳው እሷ ትደግመዋለች። በመግቢያ ኬላ የሚሰጣት የቆይታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው።