መካከለኛው ደረጃ ሲመለስ፦ የትምህርት ቤት ድባብ ከካርቱም ሳጃና እስከ ኢትዮጵያ

አኅጽሮት፦ ሱዳንና ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መካከለኛ ደረጃን ከትምህርት መዋቅራቸው አውጥተው በቅርብ ዓመታት መልሰውታል። ይህ መጣጥፍ የደረጃው መመለስ ብቻውን የትምህርት ቤትን ድባብ እንደማያሻሽል፣ ወሳኙ ተማሪውን በቅርብ የሚያውቅ መምህር መኖሩ እንደሆነ ይከራከራል። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ተመሳሳይ ጉዞዎች

ሳጃና በግንባታ ዕቃ ገበያው የሚታወቅ የካርቱም ነባር ሰፈር ነው፤ በአጎራባቹ ደይም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለረጅም ዓመታት ኖረዋል። በዚህ አካባቢ ያደገ የቀድሞ ተማሪ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት መካከለኛ፣ ሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ተምሯል። የኦማር አል በሽር መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን አፍርሶ የስምንት ዓመት መሠረታዊና የሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አደረገው። የስድስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች በአንድ ግቢ ዋሉ። ከ2019ኙ አብዮት በኋላ የሽግግር መንግሥቱ ወደ ቀድሞው 6-3-3 ለመመለስ ወሰነ።

ኢትዮጵያም በተመሳሳይ መንገድ አልፋለች። የቀድሞው 6-2-4 መዋቅር በ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተቀይሮ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ ሆነ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ 7ኛንና 8ኛን እንደገና መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል።

ድባቡ ከምን ይሠራል?

ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ በ1979 ባሳተሙት ጥናት አሥራ ሁለት የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረዋል። በጠባይ፣ በክፍል መገኘትና በውጤት የታየው ልዩነት በተማሪዎቹ ቤተሰብ ኑሮም ሆነ በሕንፃው ብቻ የሚገለጽ አልነበረም፤ የመምህራኑ የዕለት ተዕለት አሠራር ለውጥ አምጥቷል። ብራይክና ሽናይደር በ2002 ከቺካጎ ያቀረቡት ጥናትም በርዕሰ መምህር፣ በመምህራንና በወላጆች መካከል ያለ መተማመን ከትምህርት መሻሻል ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል።

ስለዚህ ደረጃን መለየት በራሱ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ኤክልስና ሚድግሊ በ1989 እንዳመለከቱት፣ ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት የሚሸጋገር ታዳጊ ነፃነትና ቅርብ አዋቂ በሚፈልግበት ዕድሜ ቁጥጥር ይጠብቅበታል፣ መምህራኑም ይርቁታል። ሮኮፍና ሎክውድ በ2010 የኒው ዮርክን መረጃ መርምረው ተማሪዎች ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሲገቡ ውጤታቸው እንደሚወርድ አግኝተዋል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት የያዘ መምህር፣ 50 ተማሪ ያላቸውን ስምንት ክፍሎች ቢያስተምር 400 ልጆች በእጁ ያልፋሉ። ዝም ያለውን፣ መቅረት ያበዛውን፣ እቤቱ ችግር የገባበትን ለይቶ የማወቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። ያን ጊዜ ሥርዓት የሚጠበቀው በዱላና በማባረር ይሆናል። የሱዳን የ2010 የሕፃናት ሕግ በትምህርት ቤት ጭካኔ የተሞላበት ቅጣትን ከልክሏል፤ ክልከላው በግቢው ሥር የሚሰድደው ግን መምህሩ ሌላ መንገድ ሲኖረው ነው።

ከጦርነት በኋላ

የሱዳን ለውጥ ሳይጠና ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት በካርቱም ፈነዳ። በጥቅምት ወር ዩኒሴፍ 19 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከትምህርት ውጭ እንደሆኑ አስታወቀ። ወደ ሳጃናና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሚመለስ ታዳጊ መፈናቀልንና ሐዘንን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። በአማራና በትግራይ ጦርነት ወዳቋረጠው ትምህርት የሚመለሱ ልጆችም እንዲሁ።

ማጠቃለያ

የጸሐፊው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የክፍል ኃላፊው መምህር በመካከለኛ ደረጃ ዘመን ሁሉ ከያዛቸው ተማሪዎች ጋር ይቆይ፤ ወላጅ ችግር ሲገጥመው የሚጠይቀውን ሰው ይወቅ። ሁለተኛ፣ ለዚህ ኃላፊነት የሚውል ሰዓት ከማስተማር ጭነቱ ይቀነስለት። ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ፓርላማ ስለ ግቢው ሥርዓት ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ውሳኔም ይስጥ። ሁለቱ አገሮች የክፍሎቹን ቁጥር ደጋግመው ቀይረዋል፤ አሁን መቀየር ያለበት አንድ መምህር ስንት ልጅ እንዲያውቅ እንደምንጠይቀው ነው።